ለገዳይ አማላጅ አንሁን

በደባርቅ፣ በጃናሞራ፣ በበየዳና በአዲአርቃይ ለምትኖሩ፣ በዕድሜ ለምትመስሉኝ ወንድሞቼ፤

ዋልያ ገድሎ የተያዘ ወጣት ሲኖር ከጠበቃ ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን። ጋቢያችንን አጣፍተን፣ ከዘራችንን ይዘን ከስሜን ፓርክ ስካውት ደጅ እንቆማለን። «ልጅ ነው፤ ሰይጣን አሳስቶት ነው፤ ለእኛ ተውልን» እንላለን። ስካውቱ ማን ነው? የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ክርስትና ያነሣነው፣ ሠርጉ ላይ የመረቅነው። ሽበት ቆሞ ሲለምነው እምቢ የሚልበት አንገት የለውም። ነገሩ በዚያው ይቀራል። ከዚያ ሠርግ ይመጣል፤ ያው ልጅ ተነሥቶ ሲፎክር «የማን ዘር!» እያልን እናሞቅለታለን።

ይህ እንዲቀር ነው የምጽፍላችሁ። የዋልያ ጠላቱ ጥይት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመንግሥት እተወው ነበር። ግን ከጥይቱ በስተኋላ ክብር አለ፤ ያን ክብር ደግሞ ከእኛ በቀር የሚሰጠው የለም። ሳንሰስት ስንሰጥ ኖረናል።

አባቶቻችን ገዳዮች ነበሩ። አልክደውም፣ አላፍርበትምም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን አደን የቤተ መንግሥት ሥራ ነበር፤ የታላቁ ኢያሱ ዜና መዋዕል ዘመቻውንና የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ሲተርክ አደኑንም አያልፈውም። ዝሆን የጣለ በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን በራሱ ይደፋል፣ ለምዱን በትከሻው ይጥላል። ግዳይ ጥሎ ሲመለስ አናቱን ቅቤ ይቀቡታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አዝማሪው እስከ ሰባት ቤቱ ያነሣለታል። ምንም ያልገደለ ሰው ከገዳዮች መካከል ተነሥቶ ለመፎከር አፉ ይታሰር ነበር። ይህን ለልጆቻችን መንገር ማንም አይከለክለንም። የሚያስፈራኝ ግማሹን ብቻ መንገራችን ነው።

ሌላው ግማሽ ምን እንደሚመስል፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጽፎት አልፏል። ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1772 መጀመሪያ፣ በምዕራቡ ቆላ ከአንድ ባላባት ቤት አርፎ የዝሆን አደን አየ። አዳኞቹን «አጋጊር» ይላቸዋል። በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው፤ ልብስ ቢለብሱ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ ቅርንጫፍ ይጎትተዋል። የፊተኛው ልጓሙን ይዟል፤ የኋለኛው ሰፊ ጎራዴ። ፈረሱ እዝሆኑ ፊት ይቆምና የፊተኛው ሰው ይፎክራል። ለማን? ለዝሆኑ! ስሙን ይነግረዋል፣ የፈረሱን ስም ይነግረዋል፣ የዝሆኑን አባትና አያት በየትኛው ቦታ እንደ ጣለ ይነግረዋል፣ አንተማ ከእነሱ ጋር አትቆጠርም ይለዋል። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲያባርር ፈረሱ ዞር ይልና የኋለኛው ዱብ ብሎ ወርዶ የእግሩን ጅማት ከተረከዙ በላይ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ፈረሱ ቢደናቀፍ፣ ሰውየው ሲወርድ እግሩ ቢያዳልጠው፣ የሚቀበረው እሱ ነው። ዝሆኑ ከወደቀ ግን ሥጋው ተዘልዝሎ በየዛፉ ይሰቀላል፤ ደርቆ ለክረምት ስንቅ ይሆናል።

እንግዲህ ፉከራው ከዚህ የመጣ ነው። የሚፎከረው ሊገድል በሚችል ፊት፣ ጎራዴ በሚደርስበት ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። በጓዳችን ጠላ ይዘን የምንፎክረው ፉከራ የዚያ ልጅ ልጅ ነው፤ መልኩ ቀርቶለታል፣ ደሙ አልቆበታል።

ብሩስ የጻፈው ግን በዚህ አያበቃም። ያን ቀን መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ዝሆን ከነግልገሏ ቀረች። ሙያው እንጀራቸው የሆነው አጋጊሮች ሊተዋት ፈለጉ፤ የሴቷ ጥርስ ትንሽ ነው፣ የግልገሉም ሥጋ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ምንም አይረባም አሉ። ለጨዋታ የወጡት የጌታ ልጆች ግን አልሰሙም። እናቲቱ ጅማቷ ተቆረጠ፤ ሁሉም በየተራው ጦር ይወረውርባት ጀመር። ማንም ልብ ያላለው፣ ከጥሻው ሸሽቶ የነበረው ግልገል በዚህ ጊዜ ተመለሰ፤ ፈረሱንም ሰዉንም በዚያች አቅሙ ይወጋ ጀመር። ብሩስ ራሱ አዳኝ ነው፣ ልቡ የሳሳ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ እናቲቱን ተዉአት ብሎ ጮኸ። ጊዜው አልፎ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከግልገሉ ይልቅ የሚከነክነኝ የአጋጊሮቹ ነገር ነው። ከሁሉ ይልቅ መግደል የሚችሉት እነሱ ነበሩ፤ ይብቃ ያሉትም እነሱ ናቸው። አልበቃ ያለው ለስሙ የወጣው ነው። ልጆቻችን የአጋጊሩን ጀግንነት እንጂ የአጋጊሩን «ይብቃ» ከእኛ ሰምተው አያውቁም። ዛሬ በዚያ ቆላ ዝሆን ፈልጉ። በተከዜ ዳር በቃፍታ ሽራሮ ከቀሩት በቀር በዚህ አቅጣጫ ዱካቸው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ከዚያ ጠመንጃው መጣ። ፈረንጆቹም መጡ፤ እነሱም የራሳቸውን የአደን ክብር ይዘው ነው የመጡት። በእንግሊዝ አገር አጋዘን የንጉሥ ነበር፤ ዊልያም አሸናፊው እ.ኤ.አ. ከ1066 በኋላ ሰፊ ደን ለአደኑ ከልሎ ገበሬውን ከለከለ። በ1723 ደግሞ ፊቱን አጥቁሮ አጋዘን ሊሰርቅ የወጣ ሰው በሞት እንዲቀጣ ሕግ አወጡ። ጌታው ሲገድል ጨዋታ ነው፣ ድኻው ሲገድል ሌብነት ነው። ይህን አስታውሱ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ግዛታቸው ሲሰፋ ያ ልማድ በመኮንኖቻቸው ሻንጣ አፍሪካ ገባ። በለንደን ሮውላንድ ዋርድ የሚባል እንስሳ በገለባ እየሞላ የሚሸጥ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1892 የትልልቅ ቀንዶችን መጠን መዝግቦ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በኢንች ሆነ፤ ማን ረጅም ቀንድ አመጣ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣን እንደለቀቀ በ1909 ከልጁ ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ሁለቱ ብቻ 500 ያህል ትልልቅ አራዊት ጣሉ። የሄደው ለሙዚየም ነው፤ ሙዚየሙም አገኘ። ግን እሱ የጻፈውን እያነበበ ስንቱ ባለገንዘብ ከኋላው እንደ ወጣ እግዚአብሔር ይወቀው።

ወደ እኛ ተራራ የመጣውን ሁላችሁም በስሙ ባታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። ፓውል ኮተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ከአፄ ምኒልክ ፈቃድ ተቀብሎ ስሜን ወጥቶ ዋልያ ገደለ። ከዚያ በፊት፣ በ1830ዎቹ፣ ጀርመናዊው ሩፔል ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ አስመዝግቦ ነበር፤ የዋልያ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ ከእሱ ጋር ይጠራል። ፓውል ኮተን በኬንት አውራጃ ባለው ቤቱ ሙዚየም አቋቁሞ የጣላቸውን እንስሳት በመስተዋት ውስጥ አቁሟቸዋል፤ ኮንጎ ላይ አንበሳ ዘልዝሎት የነበረውን ልብሱን ሳይቀር አስቀምጦታል ይባላል። እነሱም እንደ እኛ ሎቲ አላቸው ማለት ነው።

ምኒልክ ፈቃድ ሰጥተው አልቀሩም። ዝሆኑ እያለቀ፣ ጥርሱ በየካራቫኑ ወደ ባሕር እየወረደ ሲያዩ በ1901 ዓ.ም የዝሆንን አደን የሚገታ ደንብ አወጡ። አፄ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1944 የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ አወጁ። በመካከሉ ግን ጣልያን መጥቶ ሄዷል። አምስት ዓመት የአርበኝነት ዘመን ተራራውን በጠመንጃ ሞላው፤ ምንሽሩም፣ ውጅግራውም፣ የጣልያኑም። በጦር ሊደረስበት የማይችለው ዋልያ፣ ከገደሉ ጥግ ላይ ቆሞ የሚመለከት ዋልያ፣ በጥይት ተደረሰበት። ከዚያ በፊት ገደሉ ጋሻው ነበር። ተኳሹ ግን ከማዶው አፋፍ ተቀምጦ ነው የሚመታው፤ ዋልያውም ፎካሪ አይደለም፣ አይወጋም፣ አያባርርም፤ ቆሞ ያያል፣ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከገደሉ ሥር የሚወድቀውን ሬሳ ለማውጣት እንኳ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የስዊዙ ተመራማሪ በርንሃርድ ኒፈርጌልት ስሜን ተቀምጦ ሲያጠናቸው የቀሩት 150 ያህል ብቻ ነበሩ። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ማለት ነው።

ከማዶ አፋፍ ተቀምጦ የማይወጋ ፍየል የመታ ሰው የቱ ጋ ነው ገዳይነቱ? ለዚህ ነው የሠርጉ ነገር የሚቆጠቁጠኝ።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ፤ በቡና ላይም፣ በዕድሩም ሰምቼዋለሁ። «ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ሲከለል ማን ጠየቀን? በደርግ ጊዜ ከቆላው ሰው ሲነሣ፣ የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ሲወርዱ፣ ለዋልያ ሲባል አይደለም ወይ?» ትላላችሁ። እውነት ነው። የፓርኩ ነገር በእኛ ላይ ያለ እኛ የተሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔም አልረሳሁትም። «ፈረንጅ በዶላር ደጋ አጋዘን ይገድላል፤ የእኛ ልጅ ግን ይታሰራል» ትላላችሁ። ይህም አለ። የደጋ አጋዘን በአብዛኛው በባሌና በአርሲ ተራሮች ያለ ነው፤ ሜጀር አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 አንዱን እስኪጥል ድረስ የውጭ ሳይንስ አያውቀውም ነበር፤ የአርሲ ሰው ግን ከጥንት ያውቀው ነበር። ዛሬም መንግሥት በተወሰኑ የአደን ቀበሌዎች ለባዕድ አዳኝ በክፍያ ይፈቅዳል። የእንግሊዙን የጌታና የድኻ ሕግ ያስታውሰኛል፤ ደስ አይለኝም።

ነገር ግን ልዩነቱን እንወቅ። የፈረንጁ አዳኝ የሚገድለው በኮታ ነው፤ ያረጀ ወንድ ነው፤ አጠገቡ የመንግሥት ሰው ቆሟል፤ ከወሰኑ ካለፈ ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት ይላላል፣ ይበላሻል፣ ገንዘቡም ከተራራው ሰው እጅ ላይደርስ ይችላል፤ ይህን ክርክር ከመንግሥት ጋር እንከራከር። ዋልያ ግን ኮታ የለውም። ዋልያን መግደል ለማንም አልተፈቀደም፤ ለፈረንጁም፣ ለእኛም። ስለዚህ «እነሱ ይገድላሉ» የሚለው መልስ ለዋልያ አይሠራም። በቂም የተገደለ እንስሳ ደግሞ ለማንም አይከፍልም። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲወድቅ በየፓርኩ የሆነውን አይተናል፤ ሰው መንግሥትን ለመበቀል አውሬውን ገደለ፣ የባሌ ደጋ አጋዘን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተጨፈጨፈ። መንግሥቱ አልሞተም፣ ሌላ መጣ። አጋዘኑ ግን ሙት ሆኖ ቀረ።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው። ከመንጋው ሁልጊዜ ረጅም ቀንድ ያለውን መምረጥ ለዘሩ ምን እንደሚያደርግ በካናዳ፣ አልበርታ፣ በአንድ ተራራ በዱር በጎች ላይ ለሠላሳ ዓመት ያህል አጥንተውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። አዳኞቹ ትልቅ ቀንድ ያላቸውን አውራዎች እየለዩ ስለ ገደሉ የመንጋው ቀንድ ከትውልድ ትውልድ እያነሰ ሄደ። እኛ ገበሬዎች ነን፤ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገንም። ከአዝመራው ምርጡን ዘር በልቶ ውራጁን የሚዘራ ሰው ምን እንደሚያጭድ ሁላችን እናውቃለን። የዋልያ እናት በዓመት አንድ ግልገል ነው የምትወልደው። አንድ ልጅ በአንድ ጥይት የሚጥለው አውራ ስንት ዓመት እንደ ኖረ ቀንዱ ላይ ባለው ቀለበት ይቆጠራል። ያን ቀንድ በቤታችን ዋንጫ አድርገን የጠጣንበት አለን፤ ቀለበቱን የቆጠረ ግን ማን ነው?

የጥበቃው ሥራ ያለ ፍሬ አልቀረም ነበር። ዩኔስኮ ስሜንን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 ሁኔታው ከፍቶ ከአደጋ ላይ ካሉት ጋር አስገባው፤ በ2017 ደግሞ ዋልያው አገግሟል፣ ጥበቃው ተሻሽሏል ብሎ አወጣው። በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ያን ያደረገው ማን ይመስላችኋል? የእኛው ስካውቶች ናቸው፤ ከእኛው ቤት የወጡ፣ በውርጭ ያደሩ። ከሰሜኑ ጦርነትና ከተከተለው ሁከት ወዲህ ግን ቁጥሩ እጅግ ወርዷል። ክላሽ በየቤቱ ገብቷል፤ ስካውቱም እንደ ድሮው ተራራውን ሊዞር አልቻለም። ሕግ በደከመበት ጊዜ የቀረን የሽማግሌ ቃል ነው። ያንን ደግሞ እኛ ለገዳዩ መሸሸጊያ አደረግነው።

ሽምግልና ማስታረቅ ነው። ለማስታረቅ ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ዋልያ የሞተበት ወገን የቱ ነው? ማን ካሣ ተቀበለ? ማን ይቅር አለ? የሰው ደም ፈሶ ስንገባ ጉማ እናስከፍላለን፣ እናስምላለን፣ ሟች ቤት ቆመን እናለቅሳለን። በዋልያ ግን አንድ ወገን ብቻ ይዘን ገብተን በአንድ ቀን ጨርሰን እንወጣለን። ይህ እርቅ አይባልም። ወንጀለኛን መደበቅ ነው፤ ከሽበታችን የተነሣ ስሙ ተለወጠ እንጂ።

ለልጆቹም እንጀራ ጉዳይ ነው። ቱሪስቱ ወደ ስሜን የሚመጣው ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ ጋቢ ሻጩ፣ ሆቴሉ፣ ሁሉም ከእነሱ ይበላል። ያ የምናስፈታው ልጅ የወንድሙን በቅሎ ኪራይ ነው የገደለው። ይህን ለወጣቱ በግልጽ ከመንገር ይልቅ የአያቱን ጀብዱ መንገር ይቀለናል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ፉከራ አይቅር፤ የእኛ ነው፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ግን ፎካሪው ዋልያ ገደልኩ ብሎ ሲነሣ እጅ አታንሡለት፣ እልልታውንም ሴቶቹ እንዲያቆሙ ንገሯቸው። ለልጆቹ የአያቶቻቸውን አደን ስትነግሩ የራቁቱን አጋጊር፣ የጎራዴውን ርቀት፣ እናቲቱን እንተዋት ያለውን ሰው አብራችሁ ንገሯቸው። በቤታችሁ የቀረ የዋልያ ቀንድ ካለ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስረክቡት፤ ልጅ አይቶት አይመኘው። ከመንግሥት ጋር ያለንን የግጦሽና የመሬት ጥያቄ በስብሰባ ተነሥተን፣ ስማችንን ጽፈን እንጠይቅ፤ ዋልያ ላይ አንመልሰው።

ዋልያ ገድሎ የተያዘ ልጅ ቤተሰብ ሽማግሌ ፍለጋ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ እናቱን አጽናኑ፣ ልጁን በእስር ቤት ጠይቁ፣ ስንቅ አድርሱለት። ለምልጃ ግን አትሂዱ። እኔንም አትጥሩኝ፤ ብትጠሩኝም አልመጣም።